ከመጋረጃው ጀርባ የሚሰግዱት አባት

ዘንድሮ በሰሙነ ሕማማት፣ ሐሙስ ጠዋት... ድም። ትንሽ ዝም። ድም። በዚያ ድምፅ ነቃሁ።

መሐል ሜዳ አጠገብ፣ አጎቴ ቤት ነኝ። በዋዜማው ስደርስ ማንም አልሳመኝም፤ በሕማማት መሳሳም የለም። ብርዱ ብቻ እንደ ዘመድ አቅፎ ተቀበለኝ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት የአጎቴን ልጅ ብርቄን።

«አባ ናቸው። እየሰገዱ ነው» አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

አባ ጾሙ ሲገባ «ለአንድ ሌሊት አሳድሩኝ» ብለው የመጡ ባሕታዊ ናቸው። ጓዳው በመጋረጃ ተከልሎ ተሰጣቸው። የታየ ስግደት ዋጋ የለውም ብለው ማንም እንዳይገባ ከለከሉ። ከዚያ አንድ ቀን ሕልም አዩ... ብርቄን ያጫት፣ ራቤል ከተማ የሚያስተምረው መምህር እጁ ላይ ደም አለበት አሉ። ከፋሲካ በኋላ ቀን የተቆረጠለትን ሠርግ አጎቴ በዚያው ቀን አፈረሱት።

«ጋሼ፣ በሕልም ሠርግ ይፈርሳል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተ ተኝተህ ትጠይቀኛለህ፤ እሳቸው ቆመው ይሰግዳሉ። ማንን ልስማ?»

አፈርኩ። እውነትም ተኝቼ ነበር።

አጎቴ መጋረጃው ፊት ቆሙ። ድም ባለ ቁጥር እሳቸውም ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። ጉልበታቸው በሽተኛ ነው። ከድምፁ ላለመቅረት ሲጣደፉ ትንፋሻቸው ያፏጫል።

አክስቴ ከማድቤት ጮኹ፦ «ዘነዘናዬን የበላው ጅብ ማነው? ጾሙን ሙሉ ጨው በድንጋይ ስወቅጥ ከረምኩ እኮ!»

ብርቄ ቀና አለች። ድም። ወደ ማድቤቱ አየች። ድም። ወደ መጋረጃው አየች።

ልይዛት ፈለግሁ... ለአጎቴ ፈርቼ መሰለኝ። ቀደመችኝና ገለጠችው።

አባ በጀርባቸው ተኝተዋል። የአጎቴን በርኖስ እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንድ ክንድ ብቻ ከበርኖሱ ወጥቷል። ዘነዘናውን ይዞ ወደ ላይ ተነሣ፣ ወረደ። ድም።

አጎቴ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ቀና ሲሉ አዩ።

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ያ ድምፅ ሲጠፋ ቤቱ የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ።

«አባ... ክንድዎ ደከመ መሰለኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«ፈተና ነው ልጄ! ጠላት ጎኔን መትቶ ጣለኝ።»

«ዘነዘናውንም እሱ አስጨበጠዎት?»

መልስ አልጠበቁም። ዘነዘናውን ከእጃቸው ወሰዱና ለብርቄ ሰጧት።

«እንኪ። ለእናትሽ ስጫት፤ ለሠርግሽ የሚወቀጥ በርበሬ አለ።»

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሩና እንደገና መስገድ ጀመሩ። አሁን የሚከተሉት ድምፅ የለም። ቀስ ብለው ወረዱ፤ ጉልበታቸው በፈቀደ መጠን ተነሡ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ድም የሚል ነገር ስሰማ፣ ከማፈሬ በፊት ዘነዘናው ቦታው ላይ መኖሩን አያለሁ።