ለብቻ የቀረበ ሳህን

ናካዋ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር ባለው ቢሮአችን ጤናማ አመጋገብ የሚያስተምሩ ፖስተሮች እሠራለሁ። ለካምፓላ ኢትዮጵያውያን የሚሆነውን በአማርኛ እንዳዘጋጅ ስታዘዝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አለቃዬ ሥዕሉን እስክታሳየኝ ድረስ። ለሁሉም ቋንቋ ያው አንድ ክብ ሳህን ነው፤ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ባቄላ፣ ሩቡ ማቶኬ የሚሉት የኡጋንዳ የበሰለ ሙዝ። የእኔ ድርሻ ማቶኬውን አውጥቼ እንጀራ ማስገባት ብቻ ሆነ።

"እኛ እኮ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው" አልኳት።

"ሳህኑ ጸድቋል፤ አትንኪው።"

ሠራሁትና አለቃዬ አስተያየት ሰብስቢ ስላለችኝ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ወደ ኦልድ ካምፓላ ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ምግብ ቤት ያላቸው የወሎ ባልና ሚስት አሉ። ባልየው ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ ገና ቅርብ ጊዜ ነው። ፖስተሩን ተቀብለው አዩት።

"ጓደኞቼ ከትሪው ሲበሉ እኔ ዞር ብዬ በሳህን ልብላ? ምን አጠፋሁ?"

"መጠኑን ለማሳየት ነው እኮ ጋሼ" አልኩ። መልሱ ለራሴም አልጣመኝም።

"በሳህን ካቀረብኩለት ሳይቀምስ ይነሳል" አሉ ሚስታቸው።

ወረቀቱን ገልብጬ ትሪ ሣልኩ። መሃሉን ጎመንና ሰላጣ ሞላሁት፣ ሽሮና ምስሩን ጥግ ጥጉን አደረግኩ።

"ጎመኑን በእሱ በኩል አብዢው" አሉ ሴትየዋ። አበዛሁት። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

አለቃዬ ግን ሥዕሉን አይታ፣ "ከትሪ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ በምን ያውቃል?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነው፤ ይበልጥ ያበሸቀኝም እሱ ነው። "እንግዲያው መልሱን ከሰዎቹ ጋር ሆነን እንፈልገው" ብላት፣ የሳህኑ ፖስተር ገና ኦልድ ካምፓላ ሳልሄድ ማተሚያ ቤት መግባቱን ነገረችኝ። አስተያየት እንድሰበስብ ስትልከኝ ነገሩ አልቆ ነበር ማለት ነው።

የታተመውን ተሸክሜ ወደ ምግብ ቤቱ ተመለስኩ። ባልየው አንዱን ተቀብለው አዩና ጠቅልለው መለሱልኝ። ሚስትየው የእጅ ሥዕሌን ለምነው ወስደው መመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ምሳ ሰዓት ስለነበር ሰውየው ከጓደኞቻቸው ጋር ትሪ ከበው ነበር። ጎመኑን ሲያነሱ አየሁ። እንጀራውን ግን እንደ ጤነኛ ነው የሚጎርሱት፤ ልናገር አፌን ከፍቼ ተውኩት። ምን ብዬ ልናገር? በእጄ ያለው የሳህን ሥዕል ብቻ ነው፤ ከትሪ ስንት ጉርሻ እንደሚበቃ አይናገርም።

በማግስቱ አለቃዬ አዲስ ሥራ ሰጠችኝ፤ ጨው ስለመቀነስ።

"ምን ልሣል?" አልኳት።

"ሳህኑ አለልሽ አይደል?" አለችኝ።