በገመድ የተተከሉት ጽዶች

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ዳንግላ ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ ግራና ቀኙን ጽድ እንትከልበት ያልኩት እኔ ነኝ። መንገዱ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ማጥ ነበር፤ ሬሳ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው እንኳ የሚያርፍበት ጥላ አልነበረውም። የሰፈሩ ዕድር ተሰበሰበና ብዙ ከተወራ በኋላ ሁሉም እሺ አለ። እያንዳንዱ ቤት በደጃፉ የሚተከለውን ችግኝ ሊያጥርና ከከብት ሊጠብቅ ቃል ገባ። እኔ ደግሞ ዛፎቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብለው ካልቆሙ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ስለዚህ ገመድ አስመጣሁ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠን ቀን፣ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ይዘን መንገዱን ስንለካ ዋልን። ገመዱን ወጠር እያደረግን ችካል እንተክላለን፤ ችካሉ ባለበት ጉድጓድ ተቆፍሮ ችግኝ ይተከላል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከየገጠሩ በፈረስም በእግርም የመጣው ገበሬ ቆም ብሎ ያየንና ሰላምታችንን ሳይመልስ ያልፋል። እኔ በሥራችን ተደንቆ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሞኝ!

ያኔ በእኛ አገር ገጠር መሬት በገመድ መለካት፣ ቀላድ የሚሉት ነገር፣ ከወረርሽኝ ይበልጥ ይፈራ ነበር። መሬቱ ከተለካ ግብሩ ይጨመራል፣ ቀጥሎም ርስቱ ይነጠቃል ይባላል። ገመድ ይዞ የታየ ሰው ለዛፍ ነው ቢል ማን ይሰማዋል? ገበያው ሳይበተን ወሬው ገጠር ገባ፦ የእገሌ ልጅ ዳንግላ ላይ ቀላድ ጣለ፤ ከተማውን ሲጨርስ ወደ እኛ ይመጣል።

ያ እገሌ አባቴ ነው። ከከተማው ግማሽ ቀን በሚያስኬድ የአገው መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። መጀመሪያ ለአረም ደቦ ቢጠራ የመጣለት የለም። ቀጥሎ የጽዋ ማኅበሩን የሚያወጣበት ተራ ደረሰ፤ ቤቱን አጽድቶ፣ ጠላውን ጠምቆ ቢጠብቅ አንድም ሰው ደጁን ሳይረግጥ ዋለ። ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ ነው። ጤፉ ሲደርስ የሚያጭድለት ካላገኘ ማሳው ላይ ረግፎ እንደሚቀር ያውቅ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ድረስ መጣብኝ። ከስቶ ሳየው ደነገጥኩ።

«ዛፍ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ የእኔ ማወቅ ግን ጤፌን አያጭድልኝም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባ?»

«በገበያ ቀን፣ ሰው እያየ ንቀለው።»

ነቀልኩት። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ በደጃፉ ያለው ጽድ በደንብ ይዞ ነበርና ስጎትተው እጄን ላጠው። ችግኞቹን መንገዱ መሃል ከምሬ፣ ለገበሬዎቹ ይኸው፣ ዛፍ ብቻ ነበር፣ አሁን እሱም የለም አልኳቸው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ክምሩን ነካ አድርገው፣ «አያችሁ? እውነት ዛፍ ቢሆን ማን ይነቅለው ነበር? ሲነቃበት ጊዜ ነው እንጂ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አሉ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የሰፈሬ ሰውም አኮረፈኝ፤ ከሁለት ያጣ ሆንኩ።

ኅዳር ሲገባ ፈቃድ ጠይቄ ማጭድ ገዛሁ። ከአባቴ ጋር ሁለት ሆነን የምናጭደውን ያህል ልናጭድ ነው። ዳገቱን ወጥቼ ቁልቁል ወደ ማሳው ስመለከት ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ማሳው በሰው ተሞልቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፎ እያዜመ ያጭዳል። እንባዬ መጣ። ታረቁት ብዬ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት።

ስደርስ ዜማው ተቋረጠ። ሁሉም ማጭዱን እንደያዘ ቀና አለ። አባቴ ከመካከላቸው ወጥቶ ድንበሩ ላይ ቆመና ላቡን ጠረገ።

«ምነው ጌታዬ፣ መንገድ ጠፍቶብዎ ነው?» አለኝ።

በአማርኛ ነው ያለኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ከአገውኛ በቀር አናግሮኝ የማያውቀው አባቴ፣ የወረዳ ሹምን በሚያናግርበት አማርኛ። ከኋላው ሁሉም ጆሮውን አቁሟል። ያኔ ምን ብለው እንዳስመረጡት ገባኝ፦ ወይ ልጅህን፣ ወይ ደቦውን። አልፈረድኩበትም፤ ግን ከፋኝ፤ እስከ ዛሬም ይከፋኛል።

«አዎ፣ ጠፍቶኝ ነው» አልኩት።

«ዳንግላ በዚያ በኩል ነው። ሳይመሽብዎ ይሂዱ።»

ጥቂት እንደ ሄድኩ ከኋላዬ ዜማው እንደገና ተነሣ። የሚያወጣው አባቴ ነበር።