ስፒሉ ሲጋር የቀመሰ ዕለት

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው «ስፒሉ» ይለዋል። ስለቀጠነ አይደለም፤ ስፒል ከከንፈሩ ተለይቶት ስለማያውቅ ነው። ሲለካ ስድስት፣ ሲቀድ አራት፣ ሲያስብ ሁለት ይነክሳል። ስፒል የነከሰ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይለምዳል፤ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው መተንፈስና ዝም ማለት። ማንጎራጎርን ግን ስፒልም አይከለክልም። የስፌት መኪናው መንኳኳት ሲጀምር እሱ በአፍንጫው አንዲት ዜማ ይለቃል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያችኑ አንዲት ዜማ።

ዜማዋ የተጀመረችው ቁልፍ ሰፊዋ ሱቁ የገባች ቀን ነው። ባሏ የሞተባት፣ ጣቶቿ ቀጫጭን፣ ሳቋ እንደተበተነ አዝራር በየጥጉ የሚንከባለል ሴት ናት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ በእጇ ትሰፋለች። «ጋሼ፣ ክሩ አለቀ» ትለዋለች። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።» እሱ ደግሞ «ጋሼ» በተባለ ቁጥር ከንፈሩ ላይ አንድ ስፒል ይጨምራል። ልቡ የምትለው ሌላ፣ የተሰጠው ማዕረግ ሌላ!

ዛሬ ግን ሻንጣዋ በሩ ሥር ቆሟል። ሌላ ከተማ ያለችው እህቷ «ነይ፣ አብረን እንኑር» ብላት፣ ከሥራ ተነሥታ በቀጥታ ወደ አውቶቡሱ ነው። የቀራት የአንድ ኮት አምስት የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ ነበር። አምስተኛው ሳያልቅ «አትሂጂ» ካላላት፣ ስፒሉ ከዚህ በኋላ ለማን ያንጎራጉራል?

ሁለተኛው ሲያልቅ የኮቱ ባለቤት መጣ። ጡረታ የወጣ የመርከብ ካፒቴን ነው፤ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ለልጅ ልጁ ሰርግ የተሰፋለትን ኮት እያገላበጠ አየውና ከደስታው ብዛት ከእንጨት ሳጥን ሁለት ወፋፍራም ሲጋሮች አወጣ።

«አንዱ ያንተ ነው።»

«አጭሼ አላውቅም ካፒቴን።»

«ማን አጭስ አለህ? ሲጋራ ይጨሳል፤ ሲጋር ይቀመሳል! ጢሱን አፍህ ውስጥ አዙረህ ትለቀዋለህ። እንዳትውጠው ብቻ!»

ሱፍ ጢስ ይጠጣልና ደጃፉ ላይ፣ ከመስኮቷ ጎን፣ ሁለት በርጩማ አወጡ። ካፒቴኑ የሲጋር መቁረጫውን ረስቷል። ስፒሉ ወረቀት እንኳ የማያስነካውን ትልቁን መቀስ አንሥቶ የሲጋሩን ጫፍ ቀጭ አደረገው።

«ጋሼ!» አለች ቁልፍ ሰፊዋ በመስኮት። «በጨርቅ መቀሱ? ደኅና ነዎት?»

ደኅና አልነበረም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አውርዶ ኮሌታው ላይ ሰካቸው። አፉ ራቁቱን የቀረ መሰለው። ካፒቴኑ ክብሪት ጫረለት፤ እሳቱን ከሲጋሩ ፈንጠር አድርጎ፣ እያዟዟረ፣ ጫፉ እንደ ምሽት ፀሐይ እስኪቀላ።

የመጀመሪያው ጢስ ምላሱ ላይ ተንጠላጠለ።

«እህሳ፣ ምን ምን ይላል?»

ስፒሉ ዓይኑን ጨፈነ። «ፊቱ ወፍራም ሱፍ ነው... ገበሩ ግን ሐር።»

«ሐር!» ካፒቴኑ ጭኑን መታ።

«ቆይ፣ ቆይ። ጠርዙ ላይ ቁንዶ በርበሬ አለ። ኪሱ ውስጥ ደግሞ... ማር ነው እንዴ? ሳጥን ውስጥ የከረመ ካፖርት፣ ባለቤቱ ከሩቅ አገር የተመለሰ ዕለት!»

«ስንት ወደብ ላይ ስቀምስ ኖሬ» አለ ካፒቴኑ እንባውን እየጠረገ፣ «ኪስ ያለው ሲጋር ዛሬ ገና ሰማሁ!»

መስኮቷም ሳቀች። ስፒሉ ያ ሳቅ ጢሱን ሰንጥቆ ሲመጣ ሰማው፤ ዕድሜው ሲራገፍ፣ እግሩ ሲቀለው ታወቀው። ደግሞ ሳበ፤ ጉንጩ በጢስ ሞላ።

«አራተኛው አለቀ!» አለች ከውስጥ።

ደነገጠ። ሲደነግጥ እንደ ልማዱ ከንፈሩን ገጠመና በአፍንጫው ወደ ውስጥ በረጅሙ ሳበ። ስፒል ቢሆን ባልወረደ። ጢሱ ግን ሰተት ብሎ ወረደ። መንገዱ ተንሣፈፈ። የፊት ለፊቱ ግንብ እንደ መርከብ ዘመም አለ፤ የካፒቴኑ ኮፍያ ሁለት ሆነ።

ቁልፍ ሰፊዋ ኮቱን እንደያዘች ሮጣ ወጣች፤ መርፌዋ አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ምነው ጋሼ! ራስዎን አዞረዎት?»

«አዞረኝ።»

«ውኃ ላምጣ?»

«ተይው፤ የዛሬ አይደለም። ከዞረ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

ካፒቴኑ ሊስቅ ጀመረና ሲጋሩን ነክሶ ወደ ሰማይ አየ። የስፒሉ እጅ ወደ ኮሌታው፣ ወደ ስፒሎቹ ሄደች፤ ጣቶቹ መሃል ግን ሲጋሩ ነበረ። የሚነክሰው ነገር ቢያጣ አፉ በራሱ ተከፈተ፤ ያችን የአፍንጫ ዜማ በሙሉ ድምፅ፣ ከነግጥሟ ለቀቃት፦

«ልኩን ለካሁና ቆረጥኩት በወጉ፤
ካንቺ ጋር ቁልፎቹ ደረቴን የሚዘጉ።»

መንገደኛ ቆመ። ቁልፍ ሰፊዋ ፊቷ ቀላ፤ ኮቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ለካ ግጥም አላት!» አለች ድምፅዋ እየቀጠነ። «ዐሥራ አንድ ዓመት እኮ የጥርስ ሕመም መስሎኝ!»

ካፒቴኑ ከዚህ በላይ አልቻለም፤ ሳቁ ከጢሱ ጋር ፈነዳ። እሷ ግን ክሩን ከመርፌው መዘዝ አደረገችና ኮቱን የካፒቴኑ ክንድ ላይ ጣለችለት።

«አምስተኛው ለነገ ይደር ካፒቴን፤ መልሰው ያምጡት።»

«ነገ? ነገማ አንቺ...»

«ነገ ጠዋት እሰፋዋለሁ አልኩ እኮ!» ወደ ስፒሉ ዞረች። «ምን ትገተራለህ? በል አንተ፣ ሻንጣውን አስገባው፤ በሩን ዝጋው።»

አንተ! ምድር ገና እየዞረች ነበረና ስፒሉ ሻንጣውን አቅፎ መጀመሪያ በሩን ሳተው፤ ሁለተኛም መቃኑን ገጨ። በሦስተኛው እሷ ክርኑን ይዛ አስገባችው።