ለኤሊዋ መድኃኒት ማን ሰጣት?

የመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋውን አልብሰው ወጥ ቤት አስገቡኝ። ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ፍራንክፈርት፣ አንድ ላቦራቶሪ። እዚያ የምናበስለውን የሚበላው ባክቴሪያ ነበር።

ማታ ጊንሃይም ሰፈር ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ለጽጌ፣ «ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ፣ አውሮፕላን ሲጠርግ የኖረን ሰው ዝም ብለው እንዲህ ያለ ቦታ አያስገቡም፤ አንድ ነገር አለ» አልኳት።

«አንተ ደግሞ! ሥራ አገኘህ፣ አርፈህ ሥራ!» አለችኝ።

አጋር የሚባለውን ዱቄት በውሃ በጥብጬ፣ አውቶክላቭ በሚሉት ትልቅ የግፊት ድስት እቀቅላለሁ። እጅ እስኪችለው አቀዘቅዘዋለሁ። ከዚያ ባክቴሪያ ገዳዩን መድኃኒት ጨምሬ በትንንሽ ሳህን እገለብጣለሁ። ትኩሱ ላይ ከገባ መድኃኒቱ ይበላሻል፤ ከዘገየ አጋሩ ይረጋል። እያንዳንዱ እርምጃ ሲያልቅ መዝገቡ ላይ ራይት ይደረጋል።

ፕሮበጻይቴ፣ የስድስት ወሩ የሙከራ ጊዜ፣ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ናሙና በአውሮፕላን መጣ። እንቁላል ልትጥል አሸዋ ላይ ከወጣች የዱር ባሕር ኤሊ ጅራት ሥር በጥጥ የተወሰደ ነው። አለቃዬ ፍራው ዶክቶር እኔ ባዘጋጀኋቸው ሳህኖች ላይ ዘሩት።

በማግስቱ ጠሩኝ። ሳህኑ በባክቴሪያ ሞልቷል።

«መድኃኒቱን ጨምረዋል?»

«አዎ።»

«የዱር ኤሊ ሐኪም ቤት አትሄድም፤ ባክቴሪያዋ ይህን መድኃኒት አይቶ አያውቅም። ይህ ሁሉ መሞት ነበረበት።» መዝገቡን ገልጠው ራይቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ።

ደሜ ፈላ። ሊያባርሩኝ ሰበብ ፈለጉ አልኩ። ምሳ ላይ ሁለት ሠራተኞች ሲንሾካሾኩ ስለ እኔ መሰለኝ። ኧረ ያችን አይቻት የማላውቃትን ኤሊም ጠረጠርኳት!

ሰውን ሁሉ ጠርጥሬ ስጨርስ ራሴ ላይ ደረስኩ። ሳህኖቹን ያዘጋጀሁ ቀን ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ራይቶቹን ሁሉ የደረደርኳቸው ጠዋት፣ ሥራ ሳልጀምር ነበር። መድኃኒቱን መጨመሬን ላስታውስ ብል እምቢ አለኝ።

«ንገራቸው» አለች ጽጌ፣ ማታ ሳጫውታት።

«ከነገርኳቸውማ ተባረርኩ!»

ከዚያው ድስት የተረፉ ሳህኖች ፍሪጅ ውስጥ ነበሩ። «እነሱ ይሞከሩ» አልኳቸው ፍራው ዶክቶርን። በአንዱ ሳህን ግማሽ ላይ መድኃኒቱ በቀላሉ የሚገድለውን ባክቴሪያ፣ በሌላው ግማሽ የኤሊዋን ዘሩ። በማግስቱ የደካማው በኩል ባዶ ነው፤ የኤሊዋ በኩል ሞልቷል። መድኃኒቱ ገብቶ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ምናልባት መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ከሰው ፍሳሽ ጋር ባሕሩ ደርሶ ይሆናል፤ እሱን እንመረምራለን። መዝገብዎን መጠርጠር አልነበረብኝም።»

አፈርኩ። እጃቸውን መጨበጥ አቃተኝ። «ይጠርጥሩት» አልኩና ራይቶቹን መቼ እንዳደረግኩ ነገርኳቸው።

ከዚያ ሳህኖቹን በሙሉ አጠገቤ ቆመው እንደ አዲስ አሠሩኝ።

ከሥራ አላባረሩኝም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ግን ከእያንዳንዱ ድስቴ አንድ ሳህን ወስደው ሳይፈትሹ ተጠቅመው አያውቁም። አልተቀየምኳቸውም።

ራይት የሚደረገው ከሥራው በኋላ ነው።