ከጥቁር እንጨት እስከ ጥቁር እንጨት

ባለፈው ሳምንት ቢቸና ገበያ ችግኝ ተራ ቆሜ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለመግዛት ሳይሆን ለማየት ገበያ የመውጣት አመል አድሮብኛል፤ ባለቤቴም "ሄደህ የሰው መንገድ ዝጋ" እያለች ትሸኘኛለች። ከባሕር ዛፉ ችግኝ አጠገብ፣ በጥቁር ላስቲክ የተተከሉ ጥቂት ለየት ያሉ ችግኞች አየሁ። አንድ ቅጠል ቀጥፌ በጣቶቼ አሸሁት። የኮክ ፍሬ ሲሰበር የሚሸተው ዓይነት መራራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጥቁር እንጨት ነበር።

"ዘሩን ከየት አመጣሽው?" አልኳት ሻጯን።

"ከየኔታ ደን ነዋ፣ አባባ!"

ልጅቷ የኔታ ጥበቡን በዕድሜዋ ልታውቃቸው አትችልም። ስማቸውን ከአፏ ስሰማ እንባዬ መጣ፤ ከጎን ካለው በርበሬ ተራ የሚመጣው ብናኝ ነው ብዬ አሳበብኩ።

የኔታን ያወቅኳቸው ጊዜ ገና ከትምህርት የወጣሁ የደን ባለሙያ ነበርኩ። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በደን የተከበበች አንዲት ደብር አለች። ቆርቆሮዋ አርጅቶ ክረምት በገባ ቁጥር ማኅሌተኛው ላይ ያፈስ ነበር። የሰበካ ጉባኤው በደኑ የታችኛው ወገን ያለውን ዛፍ አስቆርጦ፣ በቦታው ባሕር ዛፍ ተክሎ ጣሪያውን ሊያድስ አሰበ። እዚያ የበዛው ደግሞ ጥቁር እንጨት ነው። መሥሪያ ቤቴ ዛፉ ብርቅ መሆኑን እንዳስረዳ ላከኝ። ካላስረዳሁ መጥረቢያው ተስሎ ቀርቧል።

"ጥቁር እንጨት ብርቅ?" ብለው ሳቁብኝ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር። "ዘወር ብትል ጥቁር እንጨት፣ ቀና ብትል ጥቁር እንጨት!"

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤ ግን ይህን ተናግሬ ማንን ላሳምን? በቁጥር ላሳያቸው ብዬ ጫማዬን አውልቄ ደኑ ውስጥ ገባሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ማለት ጀመርኩ።

"ተው!"

የቅኔ መምህሩ የኔታ ጥበቡ ነበሩ፤ ጭራቸውን ይዘው ከዛፎቹ መሐል ብቅ አሉ። "ምን እያደረግህ ነው ልጄ?"

"ዛፍ እየቆጠርኩ ነው፣ የኔታ።"

"ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት ወረደ። አንተ የታቦቱን ዛፍ ቆጥረህ ምን ልታወርድብን ነው? በዚህ ደን የሚቆጠረው ቅኔ ብቻ ነው!"

የሚያሾፉ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ እሳቸው ግን ፈገግ አላሉም። ደግሞም እኔ ምን ነክቶኝ ነው? እናቴ እንኳ ጫጩቶቿን አትቆጥርም ነበር። አገራችን ላይ ንብ ያለውን ሰው ስንት ቀፎ እንዳለው ብትጠይቁት "እግዜር የሰጠን ያህል" ይላችኋል። የኔታ ደኑ እንዲቆረጥ አይፈልጉም፤ ተማሪዎቻቸው ቅኔ እያሰቡ የሚቆጥሩት በየዛፉ ሥር ተበታትነው ነውና። ግን ደኑን ለማዳንም ቢሆን ዛፍ ማስቆጠር አይሆንላቸውም።

አንድ መምህራችን በአንድ ወቅት ያሉን ነገር ትዝ አለኝ። ዛፍን ሳይቆጥሩም ብርቅነቱን ማወቅ ይቻላል። ከአንዱ ተነሥቶ ቅርብ ወገኑ ድረስ ያለውን ርቀት መለካት ነው፤ ወገኑ የራቀበት ዛፍ ብርቅ ነው።

"የኔታ፣ አልቆጥርም" አልኳቸው። "ከአንዱ እስከሚቀጥለው ልለካ?"

ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አሰቡ። "መለካትስ ይሁን። ኖኅም መርከቡን በክንድ ለክቶ ነው የሠራ።"

የገመዱን አንድ ጫፍ ራሳቸው ያዙልኝ። ስንለካ ዋልን። ገመዱ ግን ለሊቀ መንበሩ መሰከረ፤ ከዛፍ እስከ ዛፍ ቅርብ ለቅርብ ነው። ከደኑ ዳር፣ ከመጨረሻው ጥቁር እንጨት ሥር ተቀምጠን ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ አየን። የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ማሳ።

"ከዚህኛውስ ቀጥሎ ያለው የት ነው?" አልኩ።

"እንሂድ እንጂ!" አሉ የኔታ።

ዐቢይ ጾም ነበር፤ አቧራው ጉሮሮ ያንቃል። በማግሥቱ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ሾፌር የኔታን ስለሚያከብር በየደብሩ በር ይቆምልን ጀመር። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም የኔታ "ወንድም ጠፍቶብን ነው" አሉ። ምን ዓይነት ወንድም እንደሆነ ስንነግራቸው ሳቁ፤ ከዚያ አብረውን ይፈልጉ ጀመር። አንዷ ሴት "ያውና!" ብላ ጮኸች፤ ወርደን ብናይ ወይራ ነው። በመንገዳችን ሁሉ አንድም ሳናገኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሞጣ ደረስን።

መናኸሪያው ላይ አንዱ ተሳፋሪ "ሐጂ ሰይድ ግቢ የማላውቀው ጠቋራ ዛፍ አለ" አለን። ሐጂ ሰይድ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሁለት አቧራ የጠጣን ሰዎች ስለ ዛፍ ስንጠይቃቸው አልሳቁብንም፤ አስቀምጠው ትኩስ የሽምብራ ቆሎ አቀረቡልን።

"ይቅመሱ፣ የኔታ። ሥጋ ቢሆን ነበር የሚያስቸግረን፤ ቆሎ እንደሆን ሃይማኖት የለውም።"

የኔታ ሳቁና ቆነጠሩ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዘለቅን። ቅጠሉን አሸሁት። ያው የኮክ ፍሬ ሽታ!

"ማን ተከለው፣ ሐጂ?" አሉ የኔታ።

"አባቴ። በቅሎ ጭኖ ከቢቸና ሲመለስ ከእናንተ ደብር ሥር ያርፍ ነበር። ጥላውን ወዶት ፍሬውን በኪሱ ይዞ መጣ።"

የኔታ ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ብዙ ቆዩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰበሰበ። እኔ ልናገር ስነሣ የኔታ ቀደሙኝ።

"ከዚህ ተነሥተን ሞጣ እስክንደርስ ለዚህ ዛፍ ወንድም አጣንለት። ሞጣ ያገኘነውም ወንድም አይደለም። ልጁ ነው።"

የሐጂን አባት ታሪክ ነገሯቸው። ሊቀ መንበሩ "እንግዲህ እስላሙ ልጁን ሲያሳድግ፣ እኛ አባቱን ልንቆርጥ ኖሯል" አሉ። የታችኛው ወገን ሳይነካ ቀረ። ቆርቆሮው ግን ከዚያም በኋላ አፈሰሰ፤ በስተኋላ ከየጎተራው እህል ተዋጥቶ ነው የተለወጠው።

እውነቱን ለመናገር ልኬታችን ብዙ ቀዳዳ ነበረው፤ ከመንገድ ርቀው ያሉትን ደኖች ማን አያቸው? በሥራ ዘመኔ ከዚያ በኋላ በደህና መሣሪያ ብዙ ለክቻለሁ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ግን የለም። የኔታም ሐጂም አርፈዋል። ከአንድ ደግ ሰው ተነሥቶ ቀጣዩን እስኪያገኙ ብዙ ያስኬዳል ይባላል፤ እኔ ግን ገና በጎረምሳነቴ በአንድ አውቶቡስ መንገድ ሁለቱን አገኘሁ። ተመስገን ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ከልጅቷ ሁለት ችግኝ ገዝቼ ጓሮዬ ተከልኩ። ባለቤቴ ወገቧን ይዛ አየችኝ።

"ምነው እንዲህ አቀራረብካቸው? ሲያድጉ ይጋፉ የለም እንዴ?"

"ይጋፉ" አልኳት።