ሚስት ሆኜ የዋልኩበት ቀን

የእኛ እምነት በተከለከለበት ዘመን ነው፤ የያዙኝ ጸሎት ላይ እንዳለሁ። ሸዋ ቤንች፣ እቤቴ፣ ጎረቤት ሰብስበን ስንዘምር በሩ ተገፋ። "የቤቱ ባለቤት ማነው?" አሉ የገቡት ታጣቂዎች። "እኔ ነኝ" አልኩ። ሌሎቹን በትነው እኔን ሚዛን ከተማ ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ዙሪያው ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም። መሬቱን ስትዳብስ የቡና ገለባ ጥፍርህ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ሲሆን ያ የጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና ሽታ ከወለሉ ይነሣና የገዛ ጓሮህ የቆምክ ይመስልሃል። ከጨለማው ይልቅ እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነው።

አብሮን አንድ መምህር ታስሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጠባቂዎቹ አይሰሙንም። ያኔ "በሉ ቤት እንሥራ" ይላል። ዕጣ ይወጣል። አንዱ አባወራ፣ አንዱ አማት፣ አንዱ እንግዳ፣ አንዱ ሚስት ይሆናል። ዕጣ የወጣለት ሰው ጨዋታው እስኪያልቅ ራሱን መሆን አይችልም። ሚስት የደረሰው ሁሌም ያኮርፋል።

አንድ ቀን ለእኔ ወጣ።

"ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ ተጽፏል" አለ እንደ እኔው በእምነቱ የታሰረ አንድ ሽማግሌ።

"አባባ፣ የሚለብሰው እኮ ጋቢ ነው" አለ መምህሩ። "ቀሚስማ ከየት አባቴ አመጣለሁ?"

ሽማግሌው ሳያስበው ሳቀ። እኔም ጋቢዬን ከራሴ ላይ ተከናነብኩ። እውነቱን ለመናገር አላፈርኩም። ምን ልሆን ነው ብዬ ጓጓሁ እንጂ።

አባወራነቱ ለአንድ የጌጫ ተወላጅ ጎልማሳ ደርሶት ነበር። የእውነት ባለትዳር ነው። ሚስቱ እዚያው ሚዛን ዳር ትንሽ ቡናና እንሰት ይዛ ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ ስንቅ ታመጣለታለች።

"እንግዳ መጥቷል፤ የሚበላ አቅርቢ እንጂ" አለኝ።

"ቆጮው አልቋል" አለች አማቴ፣ ማለት መምህሩ። "እሷ እንደሆነች ሰነፍ ናት። ተነሺ፣ እንሰት ፋቂ!"

ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም። በእኛ አገር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አጠገባቸው አይደርስም። እናቴም "ወዲያ ሂድ" ትለኝ ነበር።

"ተቀምጠሽ ነው" አለ አንዱ።

"ኧረ ቆመው ነው!"

"የእኔዋ እንሰት ስትፍቅ ስትውል አንድ እግሯን ያማታል" አለ ሽማግሌው። "በእግር የሚደረግ ነገር ሳይኖረው አይቀርም።"

አንድ እግሬን አነሣሁ። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ወደቅሁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያ ሁሉ ወንድ፣ ቆጮ በልቶ ያደገ፣ አንዱም አያውቅም።

የጌጫው ሰው ብቻ መሳቁን አቆመ። በዚያ ቀን ጠዋት ወደ ጅማ እስር ቤት ሊያዛውሩት እንደሆነ ነግረውት ነበር። ከጅማ ማን መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

"ለመሆኑ ሚስቴ አይደለሽ?" አለኝ። "እሁድ የምነግራትን ልንገርሽ። እንዴት እንደምትቀበዪው ልየው።"

"ንገረኝ።"

"ወደ አባትሽ ቤት፣ ወደ ጌጫ ተመለሺ። ልጅ የለንም፤ አንቺም ገና ነሽ። እኔን አትጠብቂ።"

ላለቅስ ሞከርኩ፤ ሴት ታለቅሳለች ብዬ። የወጣው ድምፅ ራሴንም ደስ አላሰኘኝም። ተውኩት።

"ዝም ያልሽው እሺ ብለሽ ነው?"

"አላውቅም" አልኩት።

"እንዴት አታውቂም? ሚስት ነሽ!"

"እንሰት እንዴት እንደምትፍቅ እንኳ አላወቅሁ፤ ይህን የሚያህል ነገር በእሷ ቦታ ሆኜ ከየት አመጣለሁ? እሷኑ ጠይቃት።"

"ልነግራት ነው እንጂ ልጠይቃት መቼ አልኩ?"

"እንግዲያው እኔም አልመልስም።"

ተቆጣ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በዚህ መሀል ዝናቡ አባርቶ ኖሮ በሩ ተከፈተ። ጠባቂው እንደተከናነብኩ አየኝ።

"ይቺ ደግሞ ማናት? አንቺ! ነይ ውጪ፣ ግቢውን ጥረጊ!"

ሁሉም አንገቱን ደፋ። እጄ ጋቢዬን ሊያወልቅ ሄደ። ከዚያ ባለቤቴ ትዝ አለችኝ። በየማለዳው ደጃችንን የምትጠርገው እሷ ናት፤ አንድ ቀን ውርደት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ጋቢውን እንደተከናነብኩ ወጣሁ፣ መጥረጊያውን ተቀበልኩ፣ ጭቃውን ከጥግ እስከ ጥግ ጠረግሁ። ጠባቂው ብቻውን ሳቀ፣ ሳቀና ደከመው። ጨርሼ መጥረጊያውን ቦታው አስደገፍኩና ገባሁ። የጌጫው ሰው ጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ። 

እሁድ ሚስቱ መጣች። እኔም የእኔዋን እየጠበቅሁ አጥሩ ጥግ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

"ጅማ ሊወስዱኝ ነው" አላት። ወደ አጥሩ ጠጋ አለ። "አንቺ ምን ታስቢያለሽ?"

ያመመው መስሏት ነው መሰለኝ ግንባሩን አየችው።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ትጠብቂኝ እንደሆነ፣ ጌጫ ትገቢ እንደሆነ። እየጠየቅሁሽ ነው።"

ጠባቂው "ቶሎ በሉ!" አለ። እሷ አልቸኮለችም።

"ቡናው እስኪለቀም እዚሁ ነኝ" አለችው። "ከዚያ ጅማ መጥቼ አይሃለሁ። አይቼህ ያኔ እነግርሃለሁ።"

እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። መጋዘን ሙሉ ወንድ ስንጫወት ይህ መልስ ላንዳችንም አልመጣልንም። እሱም "ደህና" አላት። ሲወስዱት ቀና ብሎ ነው መኪናው ላይ የወጣው።

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እኔ ተፈትቼ እቤቴ ገባሁ፤ እነሆ አረጀሁ። አሁንም በረንዳ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ ያቺ ሴት ትመጣብኛለች። ቡናው ተለቀመ፤ ጅማ ሄደች እንበል፤ አየችው። ምን አለችው? እሷን ሆኜ ልመልስ እሞክራለሁ። አንዳንዴ "እጠብቅሃለሁ" ትላለች። አንዳንዴ "ደህና ሁን" ትላለች። ስሰማው ሁለቱም የእኔው ድምፅ ነው።