ሁለት ሰሌዳ

ባትላሜራው ሰባት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ይዞ አያውቅም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የተጨረማመተ በር፣ የተጣመመ ፓራፋንጎ፣ አፍንጫውን የተመታ ኮፈን ሲቀጠቅጥ ይውላል። ቅዳሜ ሲነጋ ግን መዶሻውን ጥሎ ጥቁር ሰሌዳውን ብብቱ ሥር ይሸጉጥና ወደ ሞቶክሮስ ሜዳው ይነጉዳል። ሰሌዳውን ከአሮጌ መኪና በር ቆርጦ፣ ጠርዙን አጥፎ የሠራው ራሱ ነው። ሞተር ሲጮኽ ጆሮ አይሠራምና፣ ለታላቅ እህቱ ልጅ በውድድር መሀል የሚላትን ሁሉ በጠመኔ እዚያ ላይ ጽፎ ያሳያታል።

ልጅቷን "ቁንጫ" ነው የሚላት። በዘጠኝ ዓመቷ ትንሿ ሞተር ላይ አስቀምጦ፣ ኮርቻውን ይዞ ከኋላዋ ሲሮጥ፣ ከጉብታ ጉብታ ስትዘል ጊዜ ያወጣላት ስም ነው። ዛሬ አሥራ ስድስት ሞልቷታል፤ ቁመቷም ከእሱ በልጧል፤ ቁንጫነቷ ግን አልቀረም።

ሰሌዳ አያያዝ ላይ ሁለት ሕግ ነበረው። ከአንድ ቃል በላይ አይጻፍም፤ እየበረረ የሚያነብ ዓይን ከዚያ በላይ አይችልም። ደግሞም ሰሌዳ የሚነሳው ሞተሩ በሚያዘግምበት ጠባብ መታጠፊያ ላይ ነው እንጂ፣ ከትልቁ ጉብታ ዘለው በሚያርፉበት ቦታ በፍጹም አይነሳም። እዚያ ጎማ የቆፈረው ቦይ አለ። የነጂዋ ዓይን ከመሬት ለቅጽበት ከተነሳ አለቀላት። ይህን ለሌሎቹ ልጆች አባቶች ሁሉ፣ ጠየቁትም አልጠየቁትም፣ ሲሰብክ ኖሯል።

ዘንድሮ ክለቡ አሰልጣኝ ቀጠረ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ አንገቱ ላይ የሰዓት መቁጠሪያ ያንጠለጠለ፣ ራሱም ሲወዳደር የኖረ ልጅ ነው። ባትላሜራውን ያንገበገበው ሰውየው መጥፎ አለመሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆንማ እንዴት በተመቸው! "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?" ይለዋል አንገቱን ሰበር አድርጎ፤ የወደቀ መፍቻ ቀድሞት ያነሳለታል። ይህ ሁሉ ጨዋነት ባትላሜራውን እንደ ስድብ ይቆጠቁጠው ነበር።

"ክርንሽን ከፍ! ክርንሽን!" እያለ ሰባት ዓመት ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኾባታል። ከፍ አላደረገችም። አሰልጣኙ በመጣ በሁለተኛው ቅዳሜ አጠገቧ ቆሞ በአንድ ጣቱ ክርኗን ነካ አደረገው። ያ ክርን ከዚያን ቀን ወዲህ ወርዶ አያውቅም። ድሮ ሄልሜቷን ስታወልቅ መጀመሪያ የምታየው አጎቷን ነበር፤ አሁን ሮጣ የአሰልጣኙን ሰዓት ታያለች። በሰውየው ቀልድም ትስቃለች። ከቀልዶቹ አንዱን ባትላሜራው ከሦስት ዓመት በፊት ነግሯት ፈገግ እንኳ አላለችም ነበር።

"ሃያ ሰባት ነው የሚላት፣ በሞተሯ ቁጥር" አለ አንድ ቀን ለእህቱ። "ሰው ልጅን በታርጋ ይጠራል?"

"አንተ በተባይ ትጠራት የለም እንዴ!" አለችው እህቱ።

ቀንቶ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። አንጀቱ እያረረ፣ ለሚጠይቀው ሁሉ "ጨጓራዬ ነው" ይል ነበር።

የዓመቱ ትልቅ ውድድር እሁድ ሊሆን፣ ዓርብ ከሰዓት ልጅቷ ጋራዡ ድረስ መጣች። ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡት ለአገሪቱ ምርጥ ቡድን ይመረጣሉ፤ ያመለጠው ዓመት ይጠብቃል። ለአንድ ተወዳዳሪ የሚፈቀደው ደግሞ አንድ ሰሌዳ ያዥ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ እሁድ ሰሌዳውን አሰልጣኙ ቢይዝልኝ ቅር ይልሃል?"

"ኧረ ምን ቅር ይለኛል!"

"ሰሌዳህን ታውሰዋለህ? ዓይኔ እሱን ለምዷል።"

"ውሰጂው፤ ምን ችግር አለው" አለ። ከሄደች በኋላ አንድ ምንም ያልሆነ በር ሲቀጠቅጥ ቆይቶ፣ ራሱ አጎድጉዶት ራሱ አቃናው።

ቅዳሜ እህቱ ምሳ ይዛለት ስትመጣ፣ ከተጣለ ኮፈን ላይ ቆርጦ ሌላ ሰሌዳ ጥቁር ቀለም ሲቀባ ደረሰችበት።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"መጠባበቂያ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲሉ አልሰማሽም?"

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲሉም ሰምቻለሁ። ተዋት ልጄን፣ በሞቴ!"

ወንድሟ ብሩሹን ማመላለሱን ቀጠለ።

እሁድ፣ ከተመልካቹ ተነጥሎ ከትልቁ ጉብታ ማዶ፣ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ኋላ ቆመ። አዎ፣ እዚያው፣ በፍጹም አይነሳም ባለበት ቦታ። አዲሱን ሰሌዳ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ ጉልበቱ ላይ አስደገፈው። ከሩቅ፣ መታጠፊያው ላይ፣ የገዛ ሰሌዳው በሰው እጅ ከፍ ሲል ይታየዋል፤ "አራት" ይላል። ልጅቷ አነበበችና አንዱን ቀደመች። በሚቀጥለው ዙር "ሦስት" አለ። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ለእሱ ነቅንቃለት የማታውቀውን ጭንቅላት ለዚያ ሰው ነቀነቀችለት!

ያኔ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ጻፈ።

ሁለት ዙር ሲቀር ልጅቷ ከጉብታው ላይ ወደ አየር ተነሳች፤ ክርኗ ከፍ ብሏል። ባትላሜራውም ሰሌዳውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳ። ስታርፍ ሄልሜቷ ወደ እሱ ዞር አለ። ዞር ያለው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ የፊት ጎማዋ ቦዩን አገኘውና ሞተሩ በጎኑ ተጋደመ። ተነስታ፣ ሞተሩን አቅንታ እስክታስነሳው ሁለት ተወዳዳሪዎች አለፏት።

አምስተኛ ወጣች።

መኪናቸው ጋ ሲደርስ አሰልጣኙ ቀድሞት ነበር። ሰሌዳውን ከመኪናው ሥር ሸጎጠው። ከመኪናው ወዲያ ማዶ ሆነው ሲነጋገሩ ይሰማዋል።

"ምን ሆነሽ ነው? ያንን ቦታ ስንት ጊዜ አልፈሽዋል፤ አንድ ቀን አልወደቅሽበትም!"

"ጎማው አመለጠኝ። የኔ ጥፋት ነው።"

"የሆነ ነገር አይተሽ ነው?"

"ምንም አላየሁም።"

አሰልጣኙ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ "በቃ፣ ለከርሞ" አላት። ልጅቷ ለአጎቷ ብላ ስትዋሽ እየሰማ፣ ባትላሜራው ያቺን ትከሻ የሚያባብለውን እጅ በመኪናው መስኮት አሻግሮ አይቶ እንደገና ቀና። ወዲያው በራሱ አፈረ፤ ቅናቱ ግን አልወጣለትም።

አሰልጣኙ ወደ ዳኞቹ ሲሄድ ልጅቷ ዞራ መጣችና መሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋችለት። ቡትሶቿን ስቦ የሚያወልቅላት ሁልጊዜም እሱ ነው። ተንበርክኮ የመጀመሪያውን መሳብ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው? ሳላነበው ወደቅኩ።"

በአንዴ ሦስት ጥሩ ጥሩ ውሸት መጣለት። "ተጠንቀቂ" ቢላት ታምነዋለች። "ደረሱብሽ" ቢላትም ታምነዋለች፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በሰሌዳ ዋሽቷት አያውቅማ። ቡትሱን አስቀምጦ ሰሌዳውን ከመኪናው ሥር ጎተተና አዙሮ አሳያት። ጭቃ ቢፈናጠርበትም ይነበባል። "አለሁ" ይላል።

ልጅቷ ትንሿን ቃል ረጅም ነገር እንደምታነብ ሁሉ ብዙ ቆየችባት።

"መኖርህንማ አውቅ ነበር" አለች።

አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። ሁለተኛውን እግሯን ዘረጋችለት፤ እሱም እንባው አፍንጫው ላይ እየወረደ ሁለተኛውን ቡትስ ሳበላት።

ከዚያ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና ሰሌዳውን አነሳ።

"የት ልትሄድ ነው? ተወው፣ ነግሬዋለሁኮ" አለች።

"አንቺ የነገርሽውን ሰምቻለሁ።"

አሰልጣኙ ከሜዳው ማዶ፣ ዳኞቹ ጋ፣ ሰዓቱን ከአንገቱ እያወለቀ ነበር። ባትላሜራው ጽሑፉን ወደ ፊት አዙሮ፣ ሰሌዳውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሜዳውን አቋርጦ ወደ እሱ ሄደ። አሰልጣኙ ገና ከሩቅ አነበበው።